የጋራ ቀረጥ፣ የየግል በር፦ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብን ምን ያዘው?

በየዓመቱ ሰኔ ላይ የኬንያ፣ የኡጋንዳ፣ የታንዛኒያና የሩዋንዳ የገንዘብ ሚኒስትሮች፣ ብዙውን ጊዜ በአንድ ቀን፣ የዓመቱን በጀት ለየፓርላማቸው ያነባሉ። ቴሌቪዥኑ የሚኒስትሮቹን ቦርሳ ያሳያል። የሞምባሳና የዳሬሰላም አስመጪዎችና ትራንዚተሮች ግን የሚጠብቁት ሌላ ወረቀት ነው፤ በወሩ መጨረሻ ገደማ ከማኅበረሰቡ መቀመጫ ከታንዛኒያዋ አሩሻ የሚወጣውን የማኅበረሰቡን ጋዜጣ። በዚያ ጋዜጣ ላይ እያንዳንዱ አገር ከጋራው የቀረጥ ታሪፍ በየትኛው ዕቃ ወጥቶ በራሱ ልክ እንደሚያስከፍል በዝርዝር ይታተማል። ዝርዝሩ ከጁላይ 1 ጀምሮ ለአንድ ዓመት ይሠራል። ዓመቱ ሲያልቅ አዲስ ዝርዝር ይመጣል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ሲነሳ ወሬው ሁሉ ስለ ጋራ ገንዘብ፣ ስለ ፌዴሬሽን፣ ስለ 8 አባል አገሮችና ስለ ሰፊው ገበያ ነው። የማኅበረሰቡን ችግር ለመረዳት ግን ከዚህች ጋዜጣ መጀመር ይሻላል። ሕጉ የጋራ ነው፤ ከሕጉ መውጫው በር ግን በየአገሩ እጅ ነው። ቀጥሎ የሚነሱት የከረሜላው፣ የበቆሎው፣ የሰልባጁና የገንዘብ ኅብረቱ ጣጣዎች ሁሉ መነሻቸው ይኸው በር ነው።

ባጭሩ ታሪኩ እንዲህ ነው። የመጀመሪያው ማኅበረሰብ በ1967 ተቋቁሞ በ1977 ፈረሰ። የጋራ አየር መንገድ፣ ባቡርና ፖስታ ነበረው፤ ንብረቱን ለመከፋፈል የተደረሰው ስምምነት እንኳ የተፈረመው በ1984 ነው። የአሁኑ ማኅበረሰብ ውል ኖቬምበር 30 ቀን 1999 አሩሻ ላይ ተፈረመ፤ ፈራሚዎቹ ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ ነበሩ። ሩዋንዳና ቡሩንዲ በ2007፣ ደቡብ ሱዳን በ2016፣ ዴሞክራቲክ ኮንጎ በ2022፣ ሶማሊያ በ2024 ገቡ። የጉምሩክ ኅብረቱ በ2005፣ የጋራ ገበያው በ2010 ተጀመረ። የገንዘብ ኅብረቱ ፕሮቶኮል በ2013 ካምፓላ ላይ ሲፈረም የጋራው ገንዘብ በ2024 ይወጣል ተብሎ ነበር፤ አሁን ቀጠሮው 2031 ሆኗል።

ታሪፉ በወረቀትና በኬላ

የጋራው የውጭ ታሪፍ በመነሻው ቀላል ነበር። ጥሬ ዕቃ 0፣ በከፊል የተመረተ 10፣ ያለቀለት ዕቃ 25 በመቶ ይከፍላል። በሜይ 2022 ሞምባሳ ላይ ሚኒስትሮቹ አራተኛ እርከን ጨመሩ፤ 35 በመቶ። በዚህ እርከን የወተትና የሥጋ ውጤቶች፣ ጨርቃ ጨርቅ፣ ብረት፣ የምግብ ዘይት፣ የቤት ዕቃ፣ ቆዳና የመሳሰሉት ገቡ። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ልዩ ጥበቃ የሚደረግላቸው ዕቃዎች አሉ። ስኳር 100 በመቶ፣ ሩዝ 75፣ ወተት 60፣ በቆሎ 50፣ ስንዴ 35 በመቶ ይቀረጣሉ። ለሩዝ ደንቡ «75 በመቶ ወይም በቶን 345 ዶላር፣ ከሁለቱ የበለጠው» ይላል።

አሁን ሒሳቡን እንሥራው። ሞምባሳ ድረስ በቶን 400 ዶላር የወጣበት ሩዝ አለ እንበል። 75 በመቶው 300 ዶላር ስለሚሆን የሚበልጠው 345 ይወሰዳል። ኬንያ ግን ለብዙ ዓመታት ከፓኪስታን የሚመጣውን ሩዝ ታሳቢ አድርጋ ከጋራው ታሪፍ በመውጣት «35 በመቶ ወይም በቶን 200 ዶላር» ስታስከፍል ቆይታለች። በተመሳሳይ ሩዝ ላይ የኬንያው አስመጪ 200 ዶላር ከፈለ፤ ሙሉውን የጋራ ታሪፍ የሚያስከፍለው ጎረቤት አገር አስመጪ 345 ከፈለ። ልዩነቱ በቶን 145 ዶላር ነው። 28 ቶን በሚጭን አንድ ተሳቢ ላይ 4,060 ዶላር ይሆናል። ይህ ገንዘብ ከናይሮቢ የድንበር ኬላው ማላባ፣ ከማላባ ካምፓላ ላለው መንገድ ነዳጅና አበል ከፍሎ የሚተርፍ ነው። ኮንትሮባንድ ለምን አልጠፋም ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱን ከዚህ ያገኘዋል።

ደንቡ ይህን አይቶ መከላከያ አበጅቶለታል። ከጋራው ታሪፍ በታች ተቀርጦ የገባ ዕቃ በዚያው አገር መሸጥ አለበት፤ ድንበር ከተሻገረ ሙሉው ታሪፍ ይጠየቅበታል። በወረቀት ላይ ያምራል። በተግባር ግን የኡጋንዳ ጉምሩክ ሠራተኛ ከኬንያ የሚመጣውን ሩዝ ሁሉ «ይኼ የኬንያው የሙዌያ ሩዝ ነው ወይስ የፓኪስታኑ የካራቺ?» ብሎ መጠየቅ አለበት ማለት ነው። አንድ የጉምሩክ ክልል ነን ብለው ያነሱት ፍተሻ በሌላ በር ተመልሶ ገባ።

የከረሜላው ጉዳይ ደግሞ ከሩዙም የባሰ ነው። ለአምራቾች የሚሰጥ ሌላ ዓይነት እፎይታ አለ፤ ፋብሪካው ለግብዓት የሚያስመጣውን ዕቃ በተቀነሰ ቀረጥ ወይም ያለ ቀረጥ እንዲያስገባ ይፈቀድለታል። የኬንያ የከረሜላ፣ የማስቲካና የጭማቂ ፋብሪካዎች የኢንዱስትሪ ስኳር በዚህ መንገድ ያስገቡ ነበር። በ2018 ታንዛኒያና ኡጋንዳ «በርካሽ ስኳር የተሠራ ከረሜላ የእኛን ፋብሪካ ይዘጋል» ብለው የኬንያን ጣፋጭ እንደ ውጭ ዕቃ 25 በመቶ ቀረጡት። ኬንያ «ከረሜላው እኛ ዘንድ የተመረተ ነው፤ የምሥራቅ አፍሪካ ምርት ነው» አለች። ሁለቱም ወገን የሚጠቅሰው አንቀጽ ነበረው። የትውልድ አገር ደንቡ ከውጭ የመጣው ግብዓት ከፋብሪካ ዋጋው 70 በመቶ ካልበለጠ ምርቱን የማኅበረሰቡ ያደርገዋል፤ የእፎይታ ደንቡ ደግሞ በተቀነሰ ቀረጥ የተሠራ ምርት ጎረቤት አገር ሲሸጥ ሙሉ ቀረጥ ይከፍላል ይላል። ሁለቱ ደንቦች በአንድ የከረሜላ ካርቶን ላይ ሲገናኙ የቱ እንደሚያሸንፍ የሚወስነው ኬላው ላይ ያለው ሠራተኛ ሆነ።

ይህ ሁሉ ለምን አይቆምም? ቀረጥ የየአገሩ በጀት ትልቅ ምሰሶ ስለሆነና ተሸናፊውን የሚክስ የጋራ ካዝና ስለሌለ ነው። ከ1910 ጀምሮ ያለው የደቡባዊ አፍሪካ የጉምሩክ ኅብረት ቀረጡን ወደ አንድ ቋት ሰብስቦ በቀመር ያከፋፍላል፤ ሌሶቶና ኤስዋቲኒ የበጀታቸውን ትልቅ ክፍል የሚያገኙት ከዚያ ነው። ያ ሥርዓት የራሱ ጣጣ አለው፤ የቋቱ መጠን በወረደ ዓመት የትንንሾቹ አገሮች በጀት አብሮ ይወርዳል። ቢሆንም የጋራውን ታሪፍ የሚጥስ አገር የራሱንም ድርሻ ስለሚጎዳ ለመጣስ አይቸኩልም። በአሩሻው ማኅበረሰብ የሚጥሰው ያተርፋል፤ የሚያከብረው ይከስራል።

በዚያ ላይ ስማቸው ቀረጥ ያልሆነ ክፍያዎች አሉ። ኬንያ ከማኅበረሰቡ ውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ 2.5 በመቶ የዲክላራሲዮን ክፍያና የባቡር ልማት ክፍያ ትጨምራለች፤ ኡጋንዳና ሩዋንዳ 1.5 በመቶ የመሠረተ ልማት ክፍያ ያስከፍላሉ። በታሪፉ መጽሐፍ ላይ ሁሉም 25 በመቶ ነው። ዕቃው መጋዘን ሲደርስ ግን በአራት አገር አራት ዋጋ ይወጣል።

የሠራውም አለ

ማኅበረሰቡ ምንም አልሠራም ማለት ግን ሐሰት ነው። ከ2014 ወዲህ የተዘረጋው ነጠላ የጉምሩክ ክልል በአፍሪካ ደረጃ የሚጠቀስ ሥራ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። የካምፓላው አስመጪ ዕቃው ሞምባሳ ሳይራገፍ ወይም እንደተራገፈ ዲክላራሲዮኑን ለኡጋንዳ ጉምሩክ ያስገባል። ቀረጡንና ታክሱን እዚያው ካምፓላ ይከፍላል። የኡጋንዳ ገቢዎች መልቀቂያውን በሲስተም ለኬንያ ጉምሩክ ይልካል። ከዚያ በኋላ ነው ኮንቴይነሩ የኤሌክትሮኒክ ማኅተም ተገጥሞለት ከወደብ የሚወጣው። ማኅተሙ መኪናው ከመንገድ ሲወጣ ወይም ሲከፈት ለመቆጣጠሪያ ክፍሉ ምልክት ይሰጣል። ማላባ ላይ ሾፌሩ የሚያቆመው አንድ ጊዜ ነው፤ የሁለቱም አገር ሠራተኞች በአንድ ሕንፃ ተቀምጠዋል። ቀድሞ ከሞምባሳ ካምፓላ 18 ቀን ይፈጅ የነበረው ጉዞ 4 ቀን አካባቢ መድረሱ በሰፊው የሚጠቀሰው በዚህ ምክንያት ነው።

የሚሰናከለው ሲስተሞቹ በማይነጋገሩበት ጊዜ ነው። ኡጋንዳ በአሲኩዳ ትሠራለች (የእኛም ጉምሩክ ለረጅም ጊዜ የሠራበት ነው)፤ ኬንያና ታንዛኒያ የየራሳቸውን አበጅተዋል። መልቀቂያው ከአንዱ ወጥቶ ለሌላው ካልደረሰ መኪናው ይቆማል፤ መኪና ሲቆም የቀን ኪራይ ይቆጥራል፤ ኪራዩም በመጨረሻ በሲሚንቶውና በዘይቱ ዋጋ ላይ ያርፋል። በጃንዋሪ 2022 ኡጋንዳ ለሾፌሮች የኮቪድ ምርመራ አስገድዳ ክፍያ በጠየቀች ጊዜ ሾፌሮቹ አድማ መቱ፤ ሰልፉ በኬንያ በኩል ብዙ ኪሎ ሜትር ተዘረጋ፤ የነዳጅ ቦቴዎች ስለተያዙ ካምፓላ ውስጥ የቤንዚን ዋጋ ሰማይ ነካ። ሲስተሙ ያን ጊዜ ምንም አልሆነም ነበር። ያስቆመው የአንድ መሥሪያ ቤት መመሪያ ነው።

የበቆሎው ናሙና

ታሪፍ ያልሆኑ እንቅፋቶች የሚባሉት ከሕጉ መውጫዎች ሁሉ የረቀቁት ናቸው፤ በጤናና በጥራት ስም ስለሚመጡ ለመከራከር ያስቸግራሉ። በማርች 2021 ኬንያ ከኡጋንዳና ከታንዛኒያ የሚመጣ በቆሎ አፍላቶክሲን አለበት ብላ በድንገት አገደች። ከቀናት በኋላ እገዳው ተነስቶ በምትኩ የአስመጪ ምዝገባና የምርመራ ሰርተፊኬት ተጠየቀ።

የጤናው ስጋት የውሸት አይደለም። አፍላቶክሲን ከእርጥበት የሚመጣ የሻጋታ መርዝ ነው፤ ጉበት ያጠቃል፤ ኬንያ ውስጥም ሰው ገድሏል። የማኅበረሰቡ ደረጃ በኪሎ ከ10 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ችግሩ መርዙ በጭነቱ ውስጥ እኩል አለመሰራጨቱ ነው። ከአንድ ጆንያ የተነሱ ጥቂት የሻገቱ ፍሬዎች ናሙናውን ሁሉ ሊያበላሹት ይችላሉ፤ ከጎኑ ያለው ጆንያ ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከ30 ቶን ጭነት በአንድ ጥግ በቱቦ የተቀዳ ናሙና አንዱ ላቦራቶሪ ያልፋል፤ ከሌላ ጥግ የተቀዳው ሌላው ዘንድ ይወድቃል። ሁለቱም ላቦራቶሪዎች ልክ ናቸው። መፍትሔው ከብዙ ጆንያ ቀድቶ፣ ፈጭቶ፣ አደባልቆ መመርመርና የአንዱን ሰርተፊኬት ሌላው እንዲቀበል ማድረግ ነው። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው የኬንያው መሥሪያ ቤት የኡጋንዳውን ማኅተም እንዲያምን ነው።

እምነቱ ግን ቀድሞ ተሸርሽሯል። በ2017 መጨረሻ ታንዛኒያ ናማንጋ ላይ ከኬንያ በኮንትሮባንድ ገቡ ያለቻቸውን 6,400 ጫጩቶች ከነሕይወታቸው አቃጠለች፤ ሣር ፍለጋ ድንበር የተሻገሩ 1,300 ገደማ የማሳይ ከብቶችንም በሐራጅ ሸጠች። በ2020 ኬንያ የኡጋንዳን ወተት ያዘች። ሩዋንዳና ኡጋንዳ በጸጥታ ጉዳይ ተጣልተው የጋቱና ኬላ ከፌብሩዋሪ 2019 እስከ ጃንዋሪ 2022 ለንግድ ተዘጋ። ቡሩንዲ በጃንዋሪ 2024 ከሩዋንዳ ጋር ያላትን ድንበር እንደገና ዘጋች። በጁላይ 2025 ደግሞ ታንዛኒያ የውጭ ዜጎች እንዳይሠሯቸው 15 ዓይነት ሥራዎችን ከለከለች፤ የሞባይል ገንዘብ ወኪልነት፣ የስልክ ጥገና፣ የውበት ሳሎን፣ አስጎብኚነት ይገኙበታል። ኬንያውያን «በጋራ ገበያው ፕሮቶኮል የመሥራት መብት አለን» ሲሉ የዳሬሰላም መልስ ትእዛዙ ዜጎችን ለመጠበቅ ነው የሚል ነበር።

በአባል አገሮች መካከል ያለው ንግድ ከጠቅላላ ንግዳቸው 15 በመቶ አካባቢ ላይ መቅረቱ ከዚህ ሁሉ በኋላ ሊያስገርም አይገባም።

ከውጭ ሲጎተቱ

ከውጭ ጋር በሚደረግ ስምምነት ላይ የሚታየው ልዩነት ሌላው ነው። ከአውሮፓ ኅብረት ጋር የተደረገው የኢኮኖሚ ሽርክና ድርድር በ2014 አልቆ ነበር። ኬንያና ሩዋንዳ በ2016 ፈረሙ፤ ታንዛኒያ እምቢ አለች፤ ነገሩ ተንጠለጠለ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ያኔ ከነበሩት አባላት ከኬንያ በቀር ሌሎቹ በጣም ካላደጉት አገሮች ምድብ ውስጥ ስለሆኑ ዕቃቸው አውሮፓ ያለ ቀረጥ ይገባል፤ ቢፈርሙም ባይፈርሙም የሚያጡት የለም። ኬንያ ግን ካልፈረመች አበባዋ ይቀረጣል፤ በ2014 መጨረሻም ለጥቂት ወራት ተቀርጦ አይታዋለች። በ2021 መሪዎቹ የፈለገ ብቻውን ይሂድ አሉ። ኬንያም ብቻዋን በዲሴምበር 2023 ፈረመች፤ ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው።

ኬንያን መውቀስ ከባድ ነው፤ የናይቫሻ አበባ አምራች የታንዛኒያን ፓርላማ ሊጠብቅ አይችልም። ግን ስምምነቱ በጋራው ታሪፍ ላይ የከፈተው ቀዳዳ አለ። ኬንያ ለአብዛኛው የአውሮፓ ዕቃ ቀረጧን በ25 ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ ታወርዳለች። በዚህ መንገድ በዝቅተኛ ቀረጥ ሞምባሳ የገባ የጀርመን ዕቃ ወደ ኡጋንዳ ሲሻገር ልዩነቱ ይጠየቃል። ያ ማለት እንደ ሩዙ ሁሉ የዕቃውን የትውልድ አገር ኬላ ላይ ማጣራት ነው።

የሰልባጁ ታሪክ ከዚህ ይለያል፤ እዚያ ላይ ሁሉም አንድ ሆነው ጀምረው ነበር። በ2016 መሪዎቹ እነሱ «ሚቱምባ» የሚሉትን ልባሽ ጨርቅ በሦስት ዓመት ውስጥ ከገበያ ለማስወጣት ወሰኑ፤ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ይነሳል ተብሎ። የአሜሪካ የልባሽ ጨርቅ ነጋዴዎች ለመንግሥታቸው አቤት አሉ። አሜሪካም አጎዋ የሚባለውን ያለ ቀረጥ የመላክ ዕድል እመረምራለሁ አለች። መጀመሪያ ኬንያ፣ ቀጥሎ ታንዛኒያና ኡጋንዳ ወደኋላ አሉ። ሩዋንዳ ብቻ በኪሎ 0.20 ዶላር የነበረውን ቀረጥ ወደ 2.50 አሳድጋ ጸናች፤ በጁላይ 2018 የልብስ ምርቷ ከአጎዋ ታገደ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ለመሪዎች ጉባኤ መክፈቻ ጥሩ ንግግር ነው፤ በዚህ ጉዳይ ግን ድሩ ከአንበሳው ፊት ለፊት ሳይቆም ተበጣጠሰ። ኬንያ ወደ አሜሪካ የምትልከው ልብስ ብዙ ነበር፤ የሩዋንዳ ጥቂት። እያንዳንዱ የየራሱን ሒሳብ ሠራ። ጸንታ የከሰረችውንም የካሰ አልነበረም።

የነዳጁም ጠብ እንዲሁ ነው። ኬንያ በ2023 ከባሕረ ሰላጤው የመንግሥት ኩባንያዎች ጋር በዱቤ ነዳጅ የማስገባት ስምምነት አደረገች፤ ዶላር እንዳያልቅባት። ኡጋንዳ ግን በኬንያ ነጋዴዎች በኩል መግዛቱ አስወደደብኝ ብላ በብሔራዊ ነዳጅ ኩባንያዋ በኩል በራሷ ለማስገባት ወሰነች። ኬንያ ፈቃድ ስታዘገይ ኡጋንዳ በዲሴምበር 2023 አሩሻ ባለው የምሥራቅ አፍሪካ ፍርድ ቤት ከሰሰች። የፈታው ግን ፍርድ ቤቱ አልነበረም፤ ፕሬዚዳንቶቹ ተነጋግረው በ2024 ፈቱት። ወደብ የሌለው አገር ጎረቤቱን ከሶ ያሸንፋል ብሎ መጠበቅ ድሮም የዋህነት ነው።

የ2031 ቀጠሮ

ወደ ጋራው ገንዘብ ስንመጣ መስፈርቶቹ አራት ናቸው። የዋጋ ንረት ከ8 በመቶ አይበልጥ፤ የበጀት ጉድለት እርዳታን ጨምሮ ከአገር ውስጥ ምርት 3 በመቶ አይበልጥ፤ የመንግሥት ዕዳ በአሁን ዋጋ ከ50 በመቶ አይበልጥ፤ የውጭ ምንዛሪ ክምችት የ4.5 ወር ገቢ ዕቃ ይሸፍን። አንድ አገር እነዚህን ቢያንስ ለሦስት ተከታታይ ዓመት ማሟላት አለበት።

«በአሁን ዋጋ» የምትለዋ ሐረግ ብዙ ትደብቃለች። ከዓለም ባንክ ለ38 ዓመት፣ በ6 ዓመት እፎይታና 0.75 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ የተወሰደ 100 ሚሊዮን ዶላር ብድር በአሁን ዋጋ፣ ማለትም ወደፊት የሚከፈለው ወደ ዛሬ ዋጋው ተመልሶ ሲሰላ፣ ከግማሽ በታች ነው። ከዓለም ቦንድ ገበያ የተወሰደ 100 ሚሊዮን ግን ያው 100 ሚሊዮን ነው፣ አንዳንዴም ይበልጣል። ስለዚህ በስም እኩል ዕዳ ያለባቸው ሁለት አገሮች በመስፈርቱ አንዱ አላፊ፣ አንዱ ወዳቂ ይሆናሉ። በዚህ ሚዛን ላይ ኬንያ ተቸግራለች። በጁን 2024 የሚደርስባትን የ2 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ለመክፈል በፌብሩዋሪ 2024 በ9.75 በመቶ ወለድ 1.5 ቢሊዮን ተበደረች። የዚህ ብድር የመጨረሻ ክፍያ የሚደርሰው በ2031 ነው፤ የጋራው ገንዘብ በተቀጠረበት ዓመት።

የ3 በመቶው ጉድለት ደግሞ ከምርጫ ጋር ይጋጫል። ሦስት ተከታታይ ዓመት ከአምስት ዓመት የምርጫ ዘመን ውስጥ ማውጣት ይቻል ይሆናል፤ ለአንድ አገር። የምርጫው ዓመት በየአገሩ ይለያያል፤ ታንዛኒያ 2025፣ ኬንያ 2027። ሁሉም በአንድ ጊዜ ቀበቶ የሚያጠብቁበት ሦስት ዓመት በቀን መቁጠሪያው ላይ ማግኘት ከባድ ነው። ጉድለቱን በታክስ እሞላለሁ ያለ መንግሥት የሚያጋጥመውን ደግሞ ናይሮቢ ጁን 25 ቀን 2024 አይታዋለች። ወጣቶች ፓርላማውን ጥሰው ገቡ፤ የፋይናንስ ረቂቁ ተሰረዘ፤ ሊሰበሰብ የታሰበው ገቢም ቀረ።

ቡሩንዲ በሜይ 2023 ገንዘቧን በ38 በመቶ አዳክማም ጥቁር ገበያውን አልደረሰችበትም። ደቡብ ሱዳን ዋናው የዘይት ቱቦዋ ሱዳን ውስጥ በፌብሩዋሪ 2024 ሲበላሽ የበጀቷ ዋና ምንጭ ነጠፈ። በኮንጎ ከባንክ ተቀማጩ 90 በመቶ ገደማ በውጭ ምንዛሪ ነው። ሶማሊያማ ሌላ ነገር ናት። ከ1991 ወዲህ ማዕከላዊ ባንኳ ኖት አላሳተመም፤ በእጅ ያሉት የሺ ሽልንግ ኖቶች ማለት ይቻላል በሙሉ የግለሰቦች ሕትመት ናቸው። ሞቃዲሾ ውስጥ ሻይ ሳይቀር በስልክ በዶላር ይከፈላል። በዲሴምበር 2023 ግን 4.5 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ ተሰረዘላትና በዕዳ መስፈርቱ ከሁሉም አባላት ቀዳሚ ሆነች። የራሷን ገንዘብ የማታሳትም አገር በዕዳው መለኪያ አንደኛ መውጣቷ ስለ መለኪያው የሚለው ነገር አለ።

ለገንዘብ ኅብረቱ መሠረት የሚጥለው የገንዘብ ኢንስቲትዩት በመጀመሪያው ዕቅድ በ2015 መቆም ነበረበት። ከዘገየበት ምክንያት አንዱ መቀመጫው የት ይሁን የሚለው ክርክር ነው። ላም አለኝ በሰማይ።

የመዋጮው ነገር

እነዚህን ሁሉ ማስተካከል ያለበት የአሩሻው ጽሕፈት ቤት የሚኖረው በመዋጮ ነው። ውሉ አባላት እኩል ያዋጣሉ ይላል፤ ለእያንዳንዱ በዓመት 7 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ይደርሳል። ለኬንያ ይህ ገንዘብ ትንሽ ነው። የሠራተኛ ደመወዝ ለወራት ለሚያዘገየው ለጁባ መንግሥት ግን ትልቅ ነው። ውዝፉ እየተከመረ ሄዶ በ2025 መጀመሪያ የማኅበረሰቡ ሕግ አውጪ ምክር ቤት በገንዘብ እጥረት ስብሰባውን አቋረጠ። ከፊሉን እኩል፣ ከፊሉን እንደ አቅም እናዋጣ የሚል ሐሳብ ለዓመታት ሲንከባለል ቆይቷል። የውሉ አንቀጽ 143 ግዴታውን ያልተወጣ አባል በመሪዎች ጉባኤ እንዲቀጣ ይፈቅዳል። ጉባኤው የሚወስነው ግን በሙሉ ስምምነት ስለሆነ ውዝፍ ያለበት አገር ራሱ ካልተስማማ ቅጣት የለም።

አባል ማብዛቱ በዚህ ላይ የተጨመረ ነው። ኮንጎ ዘጠኝ ጎረቤት አላት፤ የምሥራቋ ሰፊ ክፍል ከጃንዋሪ 2025 ወዲህ ጎማና ቡካቩን ጨምሮ በኤም 23 አማፂዎች እጅ ወድቋል፤ ኪንሻሳም ከጀርባው ያለችው ሌላዋ አባል ሩዋንዳ ናት ትላለች። ኬላው በማን እጅ እንዳለ በማይታወቅበት ቦታ የጋራ ታሪፍ ማስከበር አይቻልም። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ ነበረበት። መጀመሪያ የሰኔውን ጋዜጣ ማሳጠር፣ ለምሳሌ አንድ አገር በአንድ ዕቃ ከጋራው ታሪፍ ከሁለት ዓመት በላይ መውጣት እንዳይችል መገደብና ከወጣም ላጎደለው ገቢ ለጋራ ቋት እንዲከፍል ማድረግ፤ ቀጥሎ ማስፋት።

ኢትዮጵያ የማኅበረሰቡ አባል አይደለችም፤ የምትሳተፈው በኮሜሳና በኢጋድ ነው። ከሦስት አባል አገሮች ጋር ግን ትዋሰናለች፤ በዲሴምበር 2020 በተመረቀው የሞያሌ የጋራ ኬላ፣ ከወላይታ ሶዶ እስከ ሱስዋ በተዘረጋው 1,045 ኪሎ ሜትር የኤሌክትሪክ መስመርም ከኬንያ ጋር ተሳስራለች። እንግባ ቢባል መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ የታሪፉ ጣራ አይሆንም፤ የእኛም ጣራ 35 በመቶ ነው። የሚነሳው አስመጪው ከቀረጡ ቀጥሎ የሚከፍለው ነው፤ 10 በመቶው ሱር ታክስና 3 በመቶው የማኅበራዊ ልማት ቀረጥ። የጉምሩክ ኅብረቱ ፕሮቶኮል በአባል አገር ዕቃ ላይ ስሙን ቀይሮ የሚመጣ ማንኛውንም ቀረጥ መሰል ክፍያ ይከለክላል። ስለዚህ ከሞምባሳ ለሚመጣ ሳሙናና ብስኩት ሁለቱም መነሳት አለባቸው፤ የጎደለውን ገቢ ከየት እንደሚሞላ መጀመሪያ የሚጠየቀውም አዲስ አበባ ያለው ገንዘብ ሚኒስቴር ነው።